አርባ ሁለቱም አንደኛ ወጡ
(ስለ ክላስና ኦብጀክት)

ለዚህ ዓምድ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት እንድንጽፍ ወረቀቱ በተሰጠን ጊዜ መጀመሪያ የተከራከርነው በቃላቱ ላይ ነው። «ክላስ» ስንል በግቢያችን የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «ዛሬ ክላስ የለም» ማለት መምህሩ አልገቡም ማለት ነው። ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል «ክፍል» የሚለው ቃል ጥቁር ሰሌዳና ወንበር ያለውን ቤት ያመጣብናል። «መደብ» እንበለው ያለም ነበር፤ እርሱን ግን ገጠር ያደገው ጓደኛችን «እኛ ዘንድ መደብ የሚባለው ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መቀመጫ ነው» ብሎ ዘጋው። «ኦብጀክት»ም ቢሆን በእንግሊዝኛ ሰዋስው ክፍለ ጊዜ «ተሳቢ» ተብሎ የተማርነው ነው። ከሁሉ የባሰው ግን «ሰልፍ» ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ራሱ» ለማለት የሚጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል ሲነበብ ልክ «ሰልፍ» ነው። መምህራችን «እያንዳንዱ ኦብጀክት የራሱን ነገር የሚያገኘው በሰልፍ ነው» ሲሉ ግማሾቻችን የጠዋቱን የባንዲራ ሰልፍ እያሰብን ማስታወሻችንን ጻፍን። ለሁለት ሳምንት ያህልም ማንም ያረመን አልነበረም፤ ማን ይጠይቃል?

ስለሆነም እዚህ ወረቀት ላይ ክላስንና ኦብጀክትን እንዳሉ እንተዋቸዋለን። ትርጉማቸውን ግን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ በደረሰብን ነገር እንድናሳይ ይፈቀድልን።

ነገሩ የጀመረው በማስተማር ልምምድ ጊዜ ነው። ለልምምዱ አራት ሆነን ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብን። የአራተኛ ክፍል ኃላፊ የሆኑት መምህርት 43 ተማሪዎች ነበሯቸው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሮስተር መሥራት ስንት ሌሊት እንደሚፈጅባቸው ሲነግሩን አዘንን። ሮስተር የሠራ ያውቀዋል፤ የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት በየትምህርቱ መጻፍ፣ መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት አለ። በመሐል አንድ ቦታ 68ን 86 ብሎ የገለበጠ ሰው ደረጃውን ሁሉ ፍቆ እንደገና ይጀምራል። እኛም ገና ፕሮግራም መጻፍ የጀመርን ሰሞን ነበርና «እትዬ፣ እርስዎ ይተዉት፤ እኛ በኮምፒዩተር እንሠራልዎታለን» አልናቸው። እሳቸውም «እስቲ ልጆቼ» አሉ። ነገር ግን የእጅ ደብተራቸውን መጻፍ አላቆሙም፤ ይህን ልብ በሉልን።

መጀመሪያ ላይ ስለ ክላስም ሆነ ስለ ኦብጀክት አላሰብንም። ሁለት ዝርዝር አዘጋጀን፤ አንዱ የስም፣ ሌላው የውጤት። በስም ዝርዝሩ 17ኛ ላይ ያለው ልጅ ውጤቱ በሌላው ዝርዝር 17ኛ ቦታ ላይ ይገኛል። ይህ አሠራር አንድ ቀን ያህል አገለገለን። ከዚያ አንዲት ልጅ ወላጆቿ ወደ ሌላ ከተማ ስለተዛወሩ መልቀቂያ ወሰደች። ስሟን ሰረዝን፤ ውጤቷን ከሁለተኛው ዝርዝር መሰረዝ ግን ረሳን። ወዲያው ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ልጅ የእርሷን ውጤት ወሰደ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእርሱን፤ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ኮምፒዩተሩ ስህተት አለ አላለም፤ ስለ ልጆቹ ምን ያውቃል? እርሱ የሚያውቀው ቁጥርና ቦታ ብቻ ነው። የአንድ ልጅ ስምና የአንድ ልጅ ውጤት በሁለት ቤት ተለያይተው እንዲኖሩ ያደረግን እኛው ነን።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦስሎ በሚገኘው የኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ኡለ ዩሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ ብዙ ነገሮች ባንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበትን ሁኔታ፣ ለምሳሌ ወረፋን፣ በኮምፒዩተር አስመስለው ለማጥናት ይፈልጉ ነበር። በወረፋ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሁኔታ አለው፤ የመጣበት ሰዓት ይለያል፣ የሚፈልገው ጉዳይ ይለያል፣ ተራው ሲደርስ የሚያደርገውም አለ። ይህን ሁሉ በተበታተነ ዝርዝር መያዝ አይቻልም። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሙላ 67 የተባለውን ቋንቋ ይዘው ብቅ አሉ፤ ዛሬ የምንማረው ክላስና ኦብጀክት የተወለደው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አሜሪካዊው አለን ኬይና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ስሞልቶክን ጀመሩ፤ «ኦብጀክት ኦሪየንትድ» የሚለውን ስያሜ ያመጣውም ኬይ ነው። ዴንማርካዊው ብያርነ ስትሮስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1979 የሲን ቋንቋ ከሲሙላ ሐሳብ ጋር ማዳቀል ጀመረ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲ ፕላስ ፕላስ ተባለ። እኛ የምንማርበት የጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን ጃቫ በ1995 ተከተለ። ዳልና ኒጎርድ የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2002፣ ሁለቱም በሳምንታት ልዩነት አረፉ። ታሪኩ ይህን ያህል ይበቃናል፤ ፈተና ላይ ዓመተ ምሕረቱን የሚጠይቁ መምህራን ግን እንዳሉ እናውቃለን።

ታዲያ ክላስ ምንድነው? ኦብጀክትስ?

ማተሚያ ቤት ታትሞ የሚመጣውን የተማሪ ካርድ አስቡት። «ስም» ይላል፣ ነጥብ ነጥብ አለው። «አማርኛ» ይላል፣ ባዶ ነው። «ሒሳብ» ይላል፣ ባዶ ነው። ይህ ባዶ ካርድ ማንንም አያሳልፍም፣ ማንንም አይጥልም። ነገር ግን ማንኛውም ተማሪ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። ክላስ እንደዚህ ነው። በሀና ስም ተሞልቶ 80 እና 90 የተጻፈበት ካርድ ግን የአንዲት ልጅ ነው፤ ይህ ኦብጀክት ነው። ከአንድ ክላስ የፈለግነውን ያህል ኦብጀክት ማውጣት እንችላለን፤ 42 ካስፈለገ 42።

ካርዱ ግን የተጻፈበትን ይዞ ዝም ይላል። ኦብጀክት ዝም አይልም። ክላሱን ስንጽፍ ልጁ የሚይዘውን ብቻ ሳይሆን የሚያደርገውንም እንጽፋለን። «አማካይህ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የራሱን ውጤት ደምሮ፣ አካፍሎ ይመልሳል። ይህን ማድረጊያ መንገድ ሜተድ ይሉታል። በመጀመሪያው ፕሮግራማችን ድምሩን የምንሠራው እኛ ነበርን፤ ከውጭ ሆነን፣ ከሁለት ዝርዝር እየለቀምን። አሁን ግን ውጤቱም ደማሪውም አንድ ቤት ገቡ። መልቀቂያ የወሰደችው ልጅም ስትሄድ ውጤቷን ይዛ ትሄዳለች፤ ሌላውን አትነካም።

አንዳንድ መምህራን ክላስን በብሎኬት ቅርጽ ይመስሉታል፤ ቅርጹ ክላስ፣ ከውስጡ የሚወጣው ብሎኬት ኦብጀክት ነው ይላሉ። ምሳሌው ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። ለሁለተኛው ቀን ግን ያሳስታል ባይ ነን። ምክንያቱም ብሎኬቱ አንዴ ከወጣ በኋላ ቅርጹን አያውቀውም፤ ቅርጹ ቢሰበርም ግድ የለውም። ኦብጀክት ግን ከክላሱ ጋር ያለው ዝምድና አይቆረጥም፤ የጎደለውን ነገር ዞሮ ከክላሱ ይጠይቃል። እኛን የጣለንም ይኸው ነው።

የጻፍነው ፕሮግራም ከዚህ በታች ያለው ነው። የፓይተን ቁልፍ ቃላት በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ ግን እንደ ድምፃቸው በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል። እንደ «ተማሪ» እና «ውጤቶች» ያሉትን እኛ የምናወጣቸውን ስሞች ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተንና ከእርሱ ወዲህ ያሉት በአማርኛ ፊደልም ይቀበላሉ፤ ሞክሩት።

ክላስ ተማሪ፦
    ውጤቶች = [ ]
    ዴፍ ኢኒት (ሰልፍ፣ ስም)፦
        ሰልፍ.ስም = ስም
    ዴፍ መዝግብ (ሰልፍ፣ ነጥብ)፦
        ሰልፍ.ውጤቶች.አፔንድ (ነጥብ)
    ዴፍ አማካይ (ሰልፍ)፦
        ሪተርን ሰም (ሰልፍ.ውጤቶች) / ሌን (ሰልፍ.ውጤቶች)

«ዴፍ» ሜተድ መጀመሩን ይናገራል። «ኢኒት» አዲስ ኦብጀክት በተፈጠረ ቁጥር በራሱ የሚሠራው መነሻ ነው፤ በማሽኑ ላይ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት የሥር መስመር ይደረግበታል። «አፔንድ» ካለው ዝርዝር ጫፍ ላይ ጨምር ማለት ነው። «ሰም» ድምር፣ «ሌን» ብዛት ነው። «ሪተርን» መልሱን ይሰጣል።

በአንድ ልጅ ሞከርነው። ሀናን ፈጠርን፣ 80 እና 90 መዘገብን፣ አማካይ 85 አለ። ትክክል! ጨበጥን፣ ሻይ ጠጣን። በማግሥቱ 42ቱንም አስገብተን ወረቀቱን አትመን ለእትዬ ወሰድንላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ዝም ብለው ወደ ታች ሄዱ። ከዚያ «ልጆች፣ ይህ ክፍል ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተስማማው?» አሉን። ለካ የሁሉም ልጅ አማካይ 61.4 ነው። ሁሉም እኩል ስለሆነ ደረጃም በተጻፈበት ረድፍ ከላይ እስከ ታች 1ኛ፣ 1ኛ፣ 1ኛ ይላል። እኛ እኮ ስሙ ትክክል መሆኑን ብቻ አይተን ነበር ያተምነው። እትዬ ደብተራቸውን ከፍተው አንድ ቁጥር አሳዩን። «61.4 ማለት እኮ የክፍሉ አማካይ ነው፤ እኔ አውጥቼዋለሁ። የልጆቹ አይደለም፤ የክፍሉ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን በአንዲት ልጅ ስም ላይ አሳረፉ። ከኋላ ረድፍ የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። በደብተራቸው ላይ አማካይዋ 38 ነው። የማካካሻ ትምህርት ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ጋር ስሟ በዚያው ሳምንት መተላለፍ ነበረበት። በእኛ ወረቀት አልፋለች፤ አንደኛም ወጥታለች። እትዬ የእጅ ደብተራቸውን ባይዙ ኖሮ ማንም አይጠራትም ነበር።

አፍረን ወደ ማደሪያችን ተመለስን። ፕሮግራሙን ደጋግመን አነበብነው፤ የድምሩም የማካፈሉም መስመር ትክክል ነው። እስከ እኩለ ሌሊት አልገባንም። በኋላ ከመሐላችን አንዱ «እትዬ ምን ነበር ያሉት? የልጆቹ አይደለም፣ የክፍሉ ነው» ብሎ ደገመው። «ክፍሉ» በሚለው ፋንታ «ክላሱ» ብላችሁ አንብቡት። ፕሮግራም ጽፈው የማያውቁት እትዬ ስህተቱን በትክክለኛ ስሙ ጠርተውት ነበር።

እስቲ እንዘርዝረው። ከላይ ባለው ጽሑፍ «ውጤቶች = [ ]» የሚለው መስመር የተጻፈው ከማንኛውም ሜተድ ውጭ፣ በክላሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የክላሱ ንብረት ነው፤ ያለውም አንድ ዝርዝር ብቻ ነው። «ሰልፍ.ስም» የተባለው ግን በኢኒት ውስጥ፣ በሰልፍ ላይ የተጻፈ ስለሆነ የየልጁ ነው። ስሞቹ ያልተምታቱት፣ ውጤቶቹ የተምታቱት ስለዚህ ነው።

በክፍል ውስጥ ሁለት መጻፊያ አለ፤ አንዱ ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ሌላው የእያንዳንዱ ልጅ ደብተር። ክላሱ የያዘው ነገር እንደ ሰሌዳው ነው፤ ኦብጀክቱ የያዘው እንደ ደብተሩ። ፓይተን አንድን ነገር ከኦብጀክት ሲፈልግ አስቀድሞ ደብተሩን ይገልጣል። እዚያ ካጣ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ያያል። ይህ ጥሩ አሠራር ነው። የማለፊያ ነጥቡ 50 ከሆነ በ42 ደብተር ላይ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ ሁሉም ያነበዋል።

ችግሩ ያለው መጻፍ ላይ ነው። «ሰልፍ.ስም = ስም» ስንል፣ ማለትም በእኩል ይሁን ምልክት ስንሰጥ፣ ፓይተን ሁልጊዜ በራሱ በኦብጀክቱ ደብተር ላይ ይጽፋል። «አፔንድ» ግን አዲስ አይጽፍም። ያለውን ፈልግና ጨምርበት ነው የሚለው። ሀና ደብተሯን ገለጠች፣ «ውጤቶች» የሚባል የለም። ቀና አለች፣ ሰሌዳው ላይ አለ። ተነሥታ ሄዳ 80ን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ቶላም እንዲሁ፣ ሰይድም እንዲሁ።

በቁጥር እንየው። ሀና 80 እና 90፣ ቶላ 60 እና 50፣ ሰይድ 30 እና 50 አመጡ። እውነተኛው አማካይ 85፣ 55 እና 40 ነው። ሰሌዳው ላይ ግን 80፣ 90፣ 60፣ 50፣ 30፣ 50 ተደርድሯል፤ ድምሩ 360፣ ብዛቱ 6፣ አማካዩ 60። ሦስቱንም ብንጠይቅ 60 ይላሉ። ሀና 25 አጣች፣ ሰይድ 20 አተረፈ። ቶላ በ5 ብቻ ስለተነሣ የቶላን ብቻ ያየ ሰው «ምንም አይልም» ብሎ ያልፈው ነበር።

በአንድ ልጅ ስንሞክረው ልክ የመጣውም ለዚሁ ነው። አንድ ተማሪ ብቻ ባለበት ክፍል ሰሌዳው የጋራ ይሁን የግል ማን ይለያል? ከእንግዲህ ማንኛውንም ክላስ ስንጽፍ ቢያንስ ሁለት ኦብጀክት ፈጥረን፣ ለአንዱ መዝግበን ሌላውን እንጠይቃለን። ሁለተኛው ምንም ውጤት የለኝም ካለ ደህና ነው። በእኛ ፕሮግራም ለሀና መዝግበን ቶላን ጠይቀነው ቢሆን ያልተፈተነ ልጅ 85 አለኝ ይለን ነበር፤ ያን ጊዜ ወረቀት ሳናበላሽ እንነቃ ነበር።

መፍትሔው አንድ መስመር ማዛወር ነው፦

    ዴፍ ኢኒት (ሰልፍ፣ ስም)፦
        ሰልፍ.ስም = ስም
        ሰልፍ.ውጤቶች = [ ]

ከላይ ያለው «ውጤቶች = [ ]» ይሰረዛል። አሁን እያንዳንዱ ልጅ ሲፈጠር የራሱ ባዶ ዝርዝር በደብተሩ ላይ ይሰጠዋል። ይህን አድርገን ሌሊቱን ሁሉ ከእትዬ ደብተር ጋር በአማካይና በደረጃ እያንዳንዱን ልጅ አስተያየን። 41 ልጅ ገጠመ። አንደኛው ያልገጠመው እትዬ ሲደምሩ 10 ስለዘለሉ ነው፤ ስንነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፣ እኛም ትንሽ ቀና አልን።

ሳንነሣው የማናልፈው አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ስምና ኦብጀክት አንድ አለመሆናቸው ነው። በአገራችን አንድ ልጅ ቤት ማሙሽ፣ ትምህርት ቤት ታደሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሙ ይጠራል። ማሙሽን ብትመቱት ታደሰ ያለቅሳል። በፓይተንም «ልጅ2 = ልጅ1» ብለን ብንጽፍ አዲስ ተማሪ አልተፈጠረም፤ ለዚያው ልጅ ሌላ መጠሪያ ወጣለት እንጂ። በልጅ2 በኩል የተመዘገበው ነጥብ በልጅ1 ላይ ይታያል። ሁለት ልጅ የሚኖረን ክላሱን ሁለት ጊዜ ስንጠራው ብቻ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በአንድ ክፍል ሁለት ፋጡማ አሕመድ ሊኖሩ ይችላሉ። ስማቸው አንድ፣ ምናልባት ውጤታቸውም አንድ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ሁለት ናቸው። እኛ መምህራን የአያት ስም እንጨምራለን። ፓይተን ደግሞ እኛ የእኩልነትን ትርጉም ካልጻፍንለት በቀር የሠራነውን ክላስ ሁለት ኦብጀክቶች እኩል ናችሁ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚያየው ያው አንድ ኦብጀክት መሆን አለመሆናቸውን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፋጡማዎች እኩል አይደሉም ይላል። ብዙዎቻችን ይህን «ስህተት» ብለን ነበር። አሁን ግን ከእኛ ይልቅ ለልጆቹ ያደላ ይመስለናል።

ይህን ትምህርት ወደፊት ለምታስተምሩ ጓደኞቻችን፦ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት በክፍሉ ውስጥ ተጫወቱት። ሦስት ተማሪ ደብተር ይዞ ይቁም፣ አንዱ ኖራ ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ይሁን። እናንተ «መዝግብ 80» ስትሉ መጀመሪያ ደብተሩን ይግለጥ፣ ካጣ ብቻ ወደ ሰሌዳው ይሂድ። እኛ በማደሪያ ክፍላችን ሞክረነዋል። «ሰልፍ» የሚለውንም ያን ጊዜ ነው የተረዳነው፤ «መዝግብ» ለሁሉም የተጻፈ አንድ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ሲፈጸም የማንን ደብተር እንደሚገልጥ የሚያመለክት ቃል ያስፈልገዋል። ሰልፍ ማለት «አሁን የተጠራው ልጅ ራሱ» ማለት ነው። ከባንዲራው ጋር ግንኙነት የለውም።

መልመጃ፦ በተማሪ ክላስ ውስጥ፣ ከሜተዶቹ ውጭ፣ «ማለፊያ = 50» ተብሎ ተጻፈ። ልጅ1 እና ልጅ2 ተፈጠሩ። ከዚያ «ልጅ1.ማለፊያ = 40» ተባለ። ቀጥሎ «ተማሪ.ማለፊያ = 55» ተባለ። ልጅ1 ማለፊያህ ስንት ነው ቢባል ምን ይላል? ልጅ2ስ? ከነምክንያቱ ጽፋችሁ በዝግጅት ክፍሉ ሳጥን ውስጥ ክተቱልን፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም እንለጥፋለን። ኮምፒዩተር ላይ ሞክሮ መልሱን ብቻ የጻፈ አይቆጠርለትም።